የአሜሪካ ባለሥልጣናት የሀብት መግለጫ፦ የት ይገኛል፣ እንዴት ይወርዳል፣ ወደ ሠንጠረዥ እንዴት ይገለበጣል

አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ባለፈው ወር የትኛውን አክሲዮን እንደገዛ ለማየት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል። የሚያስቸግረው ሰነዱ አንድ ቦታ አለመሰብሰቡ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የራሱን በራሱ ድረ ገጽ ያወጣል፤ ሴኔቱ በሌላ፤ የፕሬዚዳንቱ ሹማምንት በሌላ፤ ዳኞች ደግሞ በሌላ። ቅጾቹ አይመሳሰሉም፣ ምልክቶቻቸው አይገናኙም፣ ከፊሉም በእጅ ተሞልቶ ስካን የተደረገ ነው። ኤፕሪል 2012 የጸደቀው «ስቶክ አክት» የሚባለው ሕግ መረጃው የሚፈለግ፣ የሚደረደርና የሚወርድ ሆኖ እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር። ዓመት ካለፈው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 2013 ላይ፣ ኮንግረሱ ራሱ ያንን ትእዛዝ አነሳው። ስለዚህ የመሰብሰቡና የማስተካከሉ ሥራ ለሚፈልገው ሰው ቀርቷል።

ይህ መመሪያ ያንን ሥራ መሥራት ለሚፈልጉ ነው፦ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ፣ ለኮሚዩኒቲ ማኅበር፣ ምርጫ ሲመጣ አዳራሽ ድረስ መጥቶ ድምፅ የሚጠይቃቸውን እጩ ቀድመው ማወቅ ለሚሹ። ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አገር ቤት በ2002 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 668 የሚያውቅ ሰው «ሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ» የሚለውን ቃል ይዞ ቢያነብ አይጠፋበትም።

1. በመጀመሪያ ሰውየው የማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው ጉግል ላይ ስም ጽፎ ይጀምርና «የሀብቱ መጠን ይህን ያህል ሚሊዮን ነው» የሚል፣ ምንጩ የማይታወቅ ገጽ ላይ ያርፋል። በዚያ አትጀምሩ። የሚከተለው ይበቃል፦

የተወካዮች ምክር ቤት አባል ወይም ለዚያ ወንበር የሚወዳደር እጩ ከሆነ ሰነዱ ያለው በምክር ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ነው፤ ቢሮው በእንግሊዝኛ «ክለርክ ኦፍ ዘ ሃውስ» ይባላል። ሴናተር ወይም የሴኔት እጩ ከሆነ የሴኔቱ የሕዝብ መዛግብት ቢሮ። ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትርና ሴኔት የሚያጸድቃቸው ሹማምንት የመንግሥት ሥነ ምግባር ቢሮ፣ በአጭሩ «ኦጂኢ» ዘንድ። ከእነሱ በታች ያሉ ከፍተኛ ሠራተኞች ሰነድ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሥነ ምግባር ኃላፊ እጅ ነው። የፌዴራል ዳኛ ከሆነ የፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት።

ከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ የክፍለ ግዛት ሴናተር ከሆነ ግን እዚህ ሁሉ ውስጥ አታገኙትም። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ስቴት ሴናተር» እና «የአሜሪካ ሴናተር» የተለያዩ ናቸው።

2. ቀኑን እወቁ

የዓመቱ መግለጫ የሚገባው እስከ ሜይ 15 ነው። በእኛ ግንቦት 7 ላይ ይውላል፤ ላለመርሳት የሚረዳ ቀን ነው። የሚሸፍነው ያለፈውን ዓመት ነው፤ በሜይ የገባው ሪፖርት ስለዘንድሮ ምንም አይናገርም። እስከ 90 ቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ሙሉው ከተሰጠ ኦገስት 13 ላይ ያልቃል። ስለዚህ በጁን ገብታችሁ ብታጡት «ሀብቱን ደበቀ» ብላችሁ አትለጥፉ፤ አስቀድሞ የማራዘሚያ ደብዳቤ እንዳለ ፈልጉ። ማራዘሚያውም እዚያው ዝርዝር ላይ ይወጣል።

አዲስ ሹም ሥራ በገባ በ30 ቀን ያቀርባል፤ ሲለቅም እንዲሁ በ30 ቀን። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ግዴታው የሚጀምረው ለዘመቻው ከ5,000 ዶላር በላይ ሲሰበስብ ወይም ሲያወጣ ነው። ገና ምንም ያልሰበሰበ እጩ ሰነድ ባይኖረው ሕግ አልጣሰም።

የአክሲዮን ግዥና ሽያጭ የዓመቱን መግለጫ አይጠብቅም፤ የራሱ የግብይት ሪፖርት አለው። ስሌቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

3. የተወካዮች ምክር ቤት

ከአራቱ ለሥራ የሚመቸው ይህ ነው። መፈለጊያው ላይ የአባት ስም ብቻ ጻፉ፤ የመጠሪያ ስም ስትጨምሩ «ዊሊያም» ብላችሁ «ቢል» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ያመልጣችኋል። ዓመቱን መርጣችሁ ካጣችሁ የፊቱንና የኋላውን ዓመት ሞክሩ።

አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአንድ ክፍለ ግዛት ተወካዮችን በሙሉ ከፈለጋችሁ በስም አትልፉ። ያው ገጽ ላይ ለየዓመቱ የታመቀ ዚፕ ፋይል አለ። ስትፈቱት ሁለት ፋይሎች ይወጣሉ፤ አንዱ ኤክስኤምኤል፣ ሌላው ኤክሴል ላይ በቀጥታ የሚከፈት የጽሑፍ ፋይል። ውስጡ ስም፣ ክፍለ ግዛትና ወረዳ፣ የሰነድ ዓይነት፣ የገባበት ቀንና የሰነድ ቁጥር አለ። ሀብቱ ግን የለበትም። ብዙዎች ይህን ከፍተው «ባዶ ነው» ይላሉ። ይህ ማውጫ ነው፤ ዝርዝሩን የያዘው እያንዳንዱ ፒዲኤፍ ነው፣ ወደ እሱ የሚያደርሳችሁም የሰነድ ቁጥሩ ነው።

በዓይነት ዓምዱ ላይ «ፒ» የሚለው ፊደል የግብይት ሪፖርት ነው፤ «ኤክስ» ማራዘሚያ፣ «ሲ» የእጩ መግለጫ። ማውጫውን በዚህ ዓምድ አጣሩት፤ ከሺዎች ወደ ሚፈለጉት ጥቂቶች ይወርዳል።

ፒዲኤፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በኮምፒውተር የተሞላው ፊደሉ ይመረጣል፣ ይገለበጣል፣ ይፈለጋል። በወረቀት የገባው ፎቶ ነው። ለመለየት አንድ ቃል በጣታችሁ ይዛችሁ ለመምረጥ ሞክሩ፤ ካልተመረጠ ፎቶ ነው፣ ሥራው ደግሞ እጥፍ ነው።

4. ሴኔት

የሴኔቱ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የአጠቃቀም ክልከላውን አንብባችሁ ሳጥኑ ላይ ምልክት እንድታደርጉ ይጠይቃል። ያ ምልክት የሚሠራው ለከፈታችሁበት ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ችግር ሁልጊዜ ይገጥማል፦ ሪፖርቱን አግኝታችሁ ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ የከፈተው ሰው ግን ሪፖርቱን ሳይሆን የመግቢያውን ገጽ ያገኛል፣ ከዚያ «ሊንኩ አይሠራም፣ ውሸት ነው» ይባላል። መፍትሔው ሪፖርቱን ራሱን ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ «ፕሪንት» ብላችሁ «ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጥ» የሚለውን ምረጡ፤ የገጹን አድራሻና ቀኑን ከግርጌ የሚያትመውን ምርጫ አብሩት።

በኮምፒውተር የተሞላው የሴኔት ሪፖርት እንደ ድረ ገጽ ነው የሚከፈተው፤ ሠንጠረዡን ይዛችሁ ኤክሴል ላይ ብትለጥፉት ዓምዶቹን ጠብቆ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በወረቀት የገባው ግን ገጽ በገጽ ምስል ነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ማስቀመጥ አለባችሁ። በምስሎቹ መካከል አንድ ገጽ ዘላችሁ እንዳይሆን ሪፖርቱ ላይ ያለውን የገጽ ቁጥር ቁጠሩ።

5. የፕሬዚዳንቱ ሹማምንት

እዚህ ሦስት ቅጾችን መለየት የግድ ነው። «278ኢ» ለሕዝብ ክፍት የሆነው የዓመት መግለጫ ነው። «278ቲ» የግብይት ሪፖርት ነው። «450» ምስጢራዊ ነው፤ ዝቅ ላሉ ሠራተኞች የሚሞላ በመሆኑ ለሕዝብ አይሰጥም። 450 እንዲሰጣችሁ ደብዳቤ በመጻፍ ሳምንታት አታባክኑ።

የፕሬዚዳንቱ፣ የምክትሉና የካቢኔ ደረጃ ያላቸው ሹማምንት መግለጫ ከኦጂኢ ድረ ገጽ በቀጥታ ይወርዳል። ለሌሎቹ «ቅጽ 201» የሚባል መጠየቂያ ይሞላል፤ ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ ስለ ማን ሆናችሁ እንደምትጠይቁ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ የምትሞሉት መጠየቂያ ራሱ የሕዝብ ሰነድ ይሆናል። ባለሥልጣኑም ሆነ ሌላ ሰው ማን እንደጠየቀ ማየት ይችላል። ይህ የማይመቸው ሰው፣ ለምሳሌ የቪዛ ወይም የሥራ ጉዳይ ያለበት፣ ማመልከቻውን በማኅበር ወይም በሚዲያ ተቋም ተወካይ በኩል ቢያቀርብ ይሻላል። ሐሰተኛ ስም መጻፍ ግን አይቻልም።

278ኢን ከፊት ወደ ኋላ አታንብቡት፤ ዘጠኝ ክፍሎች አሉትና። መጀመሪያ ክፍል 3ን ክፈቱ፤ ሰውየው ከቀድሞ አሠሪው ጋር ያለው ስምምነት (የሚከፈለው ቦነስ፣ ተመልሶ የመግባት ተስፋ) እዚያ አለ። ቀጥሎ ክፍል 2ና ክፍል 6፣ ማለትም የራሱ ሥራ ያፈራው ሀብትና ሌላው ሀብት፤ የትዳር ጓደኛ ሥራ ክፍል 5 ላይ ነው። ዕዳ ክፍል 8። ስጦታና የጉዞ ወጪ ክፍል 9። ከመግለጫው ጎን «የሥነ ምግባር ስምምነት» የሚባል ደብዳቤ አለ፤ ሹሙ የትኛውን አክሲዮን በምን ያህል ጊዜ እንደሚሸጥ ቃል የገባበት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የሚፈለገው ታሪክ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው። እሸጣለሁ ካለው ውስጥ በ278ቲ ላይ ያልታየ ካለ፣ ያ ጥያቄ ነው።

6. ዳኞች

እስከ 2022 ድረስ የዳኛ መግለጫ ለማግኘት ማመልከት፣ መጠበቅ፣ አንዳንዴም ረጅም ጊዜ መጠበቅ ነበር። ሜይ 2022 የወጣው ሕግ ሪፖርቱ ከገባ በ90 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት እንዲወጣ አስገደደ። አሁን መፈለጊያ ቋት አለ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞችም እዚያው ናቸው። ለደኅንነት ሲባል የተጠቆረ መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያ ሕጋዊ ነው።

የዳኞች ቅጽ መጠኑን በቁጥር አይጽፍም፣ በፊደል እንጂ። ለሀብት ዋጋ «ጄ» እስከ 15,000 ዶላር፣ «ኬ» ከ15,001 እስከ 50,000፣ «ኤል» እስከ 100,000፣ «ኤም» እስከ 250,000፣ «ኤን» እስከ 500,000፣ «ኦ» እስከ 1 ሚሊዮን፣ «ፒ1» እስከ 5 ሚሊዮን፣ «ፒ2» እስከ 25 ሚሊዮን፣ «ፒ3» እስከ 50 ሚሊዮን፣ «ፒ4» ከዚያ በላይ ነው። ለገቢ ግን ሌላ ፊደል ነው፦ «ኤ» እስከ 1,000፣ «ቢ» እስከ 2,500፣ «ሲ» እስከ 5,000፣ «ዲ» እስከ 15,000፣ «ኢ» እስከ 50,000፣ «ኤፍ» እስከ 100,000፣ «ጂ» እስከ 1 ሚሊዮን፣ «ኤች1» እስከ 5 ሚሊዮን፣ «ኤች2» ከዚያ በላይ። ከዋጋው አጠገብ ያለችው ሦስተኛ ፊደል ዋጋው እንዴት እንደተገመተ የምትናገር ናት፤ «ቲ» የገበያ ዋጋ፣ «ደብሊው» ግምት። ይህችን ፊደል የዋጋ መደብ አድርጎ መገልበጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት መፍቻውን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስክሪኑ ጎን ለጥፉ።

7. ቀበሌው፣ ካውንቲው፣ ክፍለ ግዛቱ

ብዙው ሐበሻ በሚኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ሦስት ሕጎች ይሠራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሕግ አውጪዎቹ መግለጫ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ይገባል፤ የሚይዘው የክፍለ ግዛቱ የጥቅም ግጭትና ሥነ ምግባር አማካሪ ምክር ቤት ነው። ሜሪላንድ እስከ ኤፕሪል 30፣ በክፍለ ግዛቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን። ዲሲ እስከ ሜይ 15፣ በከተማዋ የሥነ ምግባርና የመንግሥት ተጠያቂነት ቦርድ። ዲሲ ውስጥ ስልክ ስትደውሉ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ለዚህ ነው የወጣው። ካሊፎርኒያ ያሉ «ቅጽ 700» ብለው ይጠይቁ፤ ለከተማ ባለሥልጣን ከከተማው ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል።

8. አውርዱና ስም አውጡለት

ሰነዱ ለዘላለም አይቀመጥም። ለአስፈጻሚውና ለዳኞች ልማዱ ስድስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይወገዳል። ሹመቱ ያልጸደቀለት እጩ መግለጫ ደግሞ በአንድ ዓመት ይወገዳል። «ሊንኩን አስቀምጫለሁ» ያለ ሰው ነገ ባዶ እጁን ይቀራል። ፋይሉን ራሱን አውርዱ።

የፋይሉን ስም በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፦ የገባበት ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ የአባት ስም፤ የሰነድ ዓይነት፤ የሰነድ ቁጥር። «ዳውንሎድ 14» የሚል ስም ያለው ፋይል ከሦስት ወር በኋላ የማንም አይደለም። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ማስመርና ማቅለም ከፈለጋችሁ ቅጂ ላይ አድርጉ።

9. ወደ ሠንጠረዥ መገልበጥ

ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ማስተካከያ አድርጉ። ኮምፒውተራችሁ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በኢትዮጵያ አቀማመጥ ከሆነ «03/04/2024» የሚለውን 3ኛው ቀን፣ 4ኛው ወር ብሎ ይረዳዋል። ሰነዱ ላይ ግን ማርች 4 ነው። ፕሮግራሙ አይጮህም፣ አይቀላም፤ ዝም ብሎ ይለውጠዋል። ቀኑ ከ12 በላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠረጥረው፤ በዚህ የተነሳ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ የተገለበጠ ሠንጠረዥ ይወጣል። የጉግል ሺቱን የአገር ቅንብር ወደ አሜሪካ ለውጡ፤ ቀኑን ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጋችሁ ጻፉ።

ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የሰነድ ቁጥር፣ የገጽ ቁጥር፣ የባለሥልጣኑ ስም በእንግሊዝኛ እንደ ሰነዱ፣ ስሙ በአማርኛ፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የገባበት ቀን፣ ባለቤት፣ የሀብቱ ስም ቃል በቃል፣ ዝቅተኛ ዋጋ፣ ከፍተኛ ዋጋ፣ የገቢ ዓይነት፣ የገቢ ዝቅተኛ፣ የገቢ ከፍተኛ፣ ማስታወሻ። ስሙን በአማርኛ ብቻ አትጻፉ። አንዱ «ማይክል»፣ ሌላው «ማይከል»፣ ሦስተኛው «ማይክኤል» ይላል፤ ያን ጊዜ ፈልጎ የሚያገኝ አይኖርም።

የባለቤት ዓምድ ላይ «ኤስፒ» የትዳር ጓደኛ ነው፣ «ዲሲ» በእጁ ያለ ልጅ፣ «ጄቲ» የጋራ። ባዶ ከሆነ የራሱ የባለሥልጣኑ ነው። «ዲሲ»ን ዋሽንግተን ዲሲ ብሎ የገለበጠ ሠንጠረዥ አይቶ ያልሳቀ የለም።

ሰነዱ የሚሰጠው ትክክለኛውን ዋጋ ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል መደብ ነው። መጠኑን አንድ ሳጥን ውስጥ «15,001–50,000» ብላችሁ አትክተቱ፤ ኤክሴል እንደ ፊደል ያየውና አይደምረውም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ለዩ። የኮንግረስና የ278ኢ የሀብት መደቦች የታወቁ ስለሆኑ ዝቅተኛው ቁጥር ከነዚህ አንዱ ብቻ መሆን አለበት፦ 1 (የተወካዮች ምክር ቤት ቅጽ ላይ ያለው «ከ1 እስከ 1,000» መደብ)፣ 1,001፣ 15,001፣ 50,001፣ 100,001፣ 250,001፣ 500,001፣ 1,000,001፣ 5,000,001፣ 25,000,001፣ 50,000,001። ኤክሴሉ ላይ ከዚህ ዝርዝር ውጭ እንዳይቀበል ተቆልቋይ ምርጫ አድርጉበት። ይህ አንድ ማስተካከያ ከማንኛውም ምርመራ በላይ ስሕተት ይይዛል፤ ፎቶውን ያነበበው ፕሮግራም 15,007 ቢላችሁ ወዲያው ይቀላል፣ 15,001 እንደሆነም ትረዳላችሁ።

ከ50 ሚሊዮን በላይ የሚለው መደብ ጣሪያ የለውም። የትዳር ጓደኛ ብቻውን የያዘው ሀብትም «ከ1 ሚሊዮን በላይ» ተብሎ ሊቆም ይችላል። በሁለቱም ላይ ከፍተኛውን ባዶ ተዉ፣ ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ የለውም» በሉ። ዜሮ አትጻፉ።

ለፎቶ ሰነድ ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ትጠቀማላችሁ። በ300 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት ልክ ነው) ስካን ይሁን፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን፤ ስልኩ አማርኛ ላይ ከቀረ ትርጉም የሌለው ፊደል ያዘንባል። ያም ሆኖ የወረቀቱን ቅጽ ፕሮግራም አይወጣውም። ቅጹን አንዱን ብትመለከቱ ምክንያቱ ይገባችኋል፦ በግራ በኩል የአክሲዮኑ ስም በእጅ ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል አናቱ ላይ መጠን የተጻፈባቸው ደርዘን ያህል ቀጫጭን ዓምዶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሰውየው የሚያደርገው በአንዱ ዓምድ ውስጥ «ኤክስ» ማስፈር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ «ኤክስ»ን ያነባል፣ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ ግን ያጣል። ወረቀቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ስካን ከተደረገ ሰውም ይሳሳታል፤ በአንድ ዓምድ መሳት የ50,000ን ጣሪያ 100,000 ያደርጋል። ገጹን አትሙት፣ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ከ«ኤክስ»ዋ ቀጥታ ወደ ላይ ተከተሉ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ለየብቻ ይገልብጥ፣ ከዚያ ሁለቱን ሠንጠረዥ አስተያዩ። የተለያዩበትን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ።

የተሻሻለ ሪፖርት ሲገባ የድሮው አይጠፋም። ሁለቱንም ከገለበጣችሁ አንዱ አክሲዮን ሁለት ጊዜ ይደመራል። የምክር ቤቱ ግብይት ሪፖርት በየመስመሩ ሥር አዲስ ወይም የተሻሻለ መሆኑን ይጽፋል፤ ያንን ማስታወሻ ላይ ያዙ፣ ድምር ስትሠሩ የተተካውን አውጡ።

10. ድምሩን ማንበብ

አንድ አባል ሦስት ነገር አለው እንበል፦ ከ15,001 እስከ 50,000፣ ከ100,001 እስከ 250,000፣ ከ1,001 እስከ 15,000። ዝቅተኛው ድምር 116,003፣ ከፍተኛው 315,000 ነው። መካከለኛውን ወስዶ «215,500 ዶላር አለው» ማለት ፈጠራ ነው። ሁለቱን ቁጥር ጻፉ።

አሁን ዕዳ ጨምሩ። ከ250,001 እስከ 500,000 የሚደርስ የቤት ብድር አለበት። የከፋው ስሌት 116,003 ሲቀነስ 500,000፣ ማለትም ከዜሮ በታች 383,997 ነው፤ የተሻለው 315,000 ሲቀነስ 250,001፣ ማለትም 64,999። ሰውየው ድሃ መሰለ። ለምን? የኮንግረስ አባል የመኖሪያ ቤቱን ብድር ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ቤቱን ራሱን ግን ካላከራየው አያሳውቅም። ዕዳው ወረቀቱ ላይ አለ፣ ቤቱ የለም። የፌዴራል ደመወዙና የመንግሥት የጡረታ ቁጠባውም አይጻፉም። በዚህ ሰነድ «የተጣራ ሀብት» አስልቶ ባለሥልጣናትን በሀብት ደረጃ መደርደር የማንመክረው ለዚህ ነው። ሰነዱ የሚያሳየው ከማን ጋር ጥቅም እንዳለው ነው፤ ለዚያ ደግሞ በጣም ይጠቅማል።

የግብይቱ ጊዜ ስሌት እንዲህ ነው። ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ ግዥ ወይም ሽያጭ፣ ባለሥልጣኑ ባወቀ በ30 ቀን፣ ቢዘገይ ግን ግብይቱ በተፈጸመ በ45 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቀድሞ የሚመጣው ቀን ይገዛል። ማርች 3 የተገዛ አክሲዮን፣ ደላላው ማርች 5 ካሳወቀው፣ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 4 ነው። ማርች 28 ካሳወቀው በ30 ቀኑ ኤፕሪል 27 ይሆን ነበር፤ ግን 45ኛው ቀን ኤፕሪል 17 ላይ ስለሚያልቅ ኤፕሪል 17 ይሆናል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ቀን ያስፈልጋል፦ የግብይቱ፣ የታወቀበት፣ የገባበት። ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። ከ30 ቀን በላይ ለዘገየ ቅጣቱ 200 ዶላር ነው፤ ለሚሊዮን ዶላር ግብይት ይህ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ያህል ነው፣ ስለዚህም መዘግየት ብርቅ አይደለም።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ፈንድ ነው። ሰፊ የጋራ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተዋጥቶ ብዙ አክሲዮን የሚገዛበት) ሲሆን ውስጡ ያሉት አክሲዮኖች አይዘረዘሩም፤ የፈንዱ ስም ብቻ ይጻፋል። ከፈንዱ ውስጥ አንድ ኩባንያ መርጦ «የዚህ ኩባንያ ባለድርሻ ነው» ማለት አያስኬድም።

11. ከማውጣታችሁ በፊት

ሕጉ ሰነዶቹን ለሕገወጥ ዓላማ፣ ለንግድ፣ የሰውን የብድር ብቃት ለመመዘን፣ ወይም ለፖለቲካም ሆነ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለመለመን መጠቀምን ይከለክላል። ዜና ማሰራጫ ለሕዝብ ማሳወቁ ከንግድ ክልከላው ውጭ ነው። ለማኅበር ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፦ ከሠንጠረዡ ባለጸጋ ባለሥልጣናትን መርጦ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለእድር ገንዘብ መለመኛ ደብዳቤ መላክ አይቻልም። ሠንጠረዡንም አትሽጡት።

የቤት አድራሻ፣ የልጅ ስም፣ ፊርማ ሰነዱ ላይ ቢገኝ እንኳ ሠንጠረዡ ውስጥ አታስገቡ። እያንዳንዱ ረድፍ የሰነድ ቁጥርና ገጽ ይኑረው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የሠንጠረዡ ፎቶ ስለሆነ የሰነድ ቁጥሩ ያለበትን ዓምድ ከግራ በኩል መጀመሪያ አድርጉት፤ ሰው ስክሪኑን ሲቆርጥ የቀኙን ነው የሚጥለው። ስሕተት ሲነገራችሁ ረድፉን በዝምታ አትቀይሩ፤ ማስታወሻው ላይ ቀኑንና ምን እንደተለወጠ ጻፉ፣ የድሮውን ፋይልም አቆዩ።